ረጅሙን ጨዋታ በኮምፒዩተር ወይስ በኮንሶል?

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሁለት ነው። አንደኛው ሲገዙት የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ የሚወስደው ጊዜና ቦታ ነው። ድስት ወይም ምንጣፍ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቢያስብ ብዙ አይጎዳም። የጨዋታ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ግን ሁለተኛውን ዋጋ አስቀድሞ ካልቈጠረ፣ እርሱ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡ ሌላውን ዋጋ ሲከፍል ይኖራል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን፣ ወጣቶች በየቤቱ የሚከራከሩበትን፣ ወላጆችም ብዙ ጊዜ ሳይገባቸው የሚፈርዱበትን አንድ ጉዳይ ልንመረምር አስበናል። ጉዳዩም፣ የገጸ ባሕርይ ጨዋታን ለመጫወት የሚሻለው ኮምፒዩተር ነውን ወይስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው ኮንሶል ነው የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ ይሏል።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ፈረንጆች ‹ሮል ፕሌይንግ ጌም› የሚሉት፣ እኛም የገጸ ባሕርይ ጨዋታ የምንለው፣ ተጫዋቹ የአንድን መንገደኛ ወይም የአንድን ተዋጊ ስምና ጠባይ ለብሶ በተረት ዓለም ውስጥ የሚጓዝበት ጨዋታ ነው። በጉዞው ላይ ከብዙ ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ የተናገረው ቃል፣ የማረው ጠላት፣ የካደው ወዳጅ ሁሉ እየተመዘገበ ቈይቶ በኋለኛው ታሪክ ላይ ውጤቱን ያሳያል። ልምድ በሰበሰበም መጠን ገጸ ባሕርዩ በዕውቀትና በጉልበት እያደገ ይሄዳል።

በመሣሪያ የሚደረግ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ያልቃል። ታላላቆቹ የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች ግን 100 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጁ ናቸው። ይኸውም በየማታው አንድ ሰዓት ተኩል ለሚጫወት ሰው ከሁለት ወር የሚበልጥ ጊዜ ነው። እንግዲህ መሣሪያውን የሚመርጥ ሰው ለአንድ ምሽት መዝናኛ ብቻ የሚመርጥ አይደለም፤ ብዙ ምሽቶቹን የት ተቀምጦና ከማን ጋር ሆኖ እንደሚያሳልፍ ጭምር ይመርጣል። የነገሩ ሥር ይህ ሆኖ ሳለ፣ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው ‹የቱ ይበረታል?› ከሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለቱ ልማዶች ከየት መጡ?

የዚህ ጨዋታ ዘር የተዘራው በመሣሪያ ላይ አይደለም። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉት አሜሪካውያን ‹ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ› የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ፣ ለመጫወት የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነበረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡ ወዳጆች ያስፈልጉ ነበር። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይመልሱለታል። ከመሣሪያው በፊት ማኅበሩ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1981 ሪቻርድ ጋሪየት ‹አልቲማ› የተባለውን፣ አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ ደግሞ ‹ዊዛርድሪ› የተባለውን ጨዋታ አፕል 2 ለተባለው ኮምፒዩተር አወጡ። በዚህ ጊዜ የወዳጆቹን ቦታ መሣሪያው ያዘ። ተጫዋቹ ብቻውን በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። በ‹አልቲማ› የኪቦርዱ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትእዛዝ ነበራቸው፤ የ‹ዊዛርድሪ› ተጫዋቾችም የጨለማውን ዋሻ መንገድ እንዳይጠፋባቸው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ካርታ እየሣሉ ይሄዱ ነበር።

እነዚህን የአሜሪካ ጨዋታዎች የወደደው ዩጂ ሆሪ የተባለ ጃፓናዊ፣ በ1986 ‹ድራጎን ክዌስት› የተባለውን ጨዋታ ከኤኒክስ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኔንቴንዶ ለሠራው ፋሚኮም ለተባለው ኮንሶል አወጣ። የፋሚኮም ጆይስቲክ የአቅጣጫ መስቀልና ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ ጀማሪ ሊረዳው በሚችል አጭር ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ጉዞውን በመሣሪያው ውስጥ መዝግቦ ማቈየትም ስላልተቻለ፣ ተጫዋቹ ጨዋታውን ሲያቆም ሃያ ፊደል ያለው ምስጢራዊ ቃል ይሰጠውና በወረቀት ይገለብጠው ነበር። በማግሥቱ አንዲት ፊደል የተሳሳተበት ልጅ ያን ጉዞውን መቀጠል አይችልም።

እንግዲህ ሁለት ልማዶች ተፈጠሩ። የኮምፒዩተሩ ልማድ ቀረብ ብለው የሚቀመጡበት፣ ቁልፉ የበዛ፣ አብዛኛውን ጊዜም የብቸኛ ሰው ነው። የኮንሶሉ ልማድ ራቅ ብለው የሚቀመጡበት፣ ቁልፉ ያነሰ፣ በሳሎን ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። ዛሬ የሁለቱ መሣሪያዎች የውስጥ ዕቃ ተቀራርቧል፤ ፕሌይስቴሽን 5ና የዘመኑ ኤክስቦክስ በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር በብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ካለው ጋር አንድ ወገን ነው። የአቀማመጣቸው ልማድ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለማየት፣ በ2023 የወጣውንና በዚያው ዓመት ‹ዘ ጌም አዋርድስ› በተባለው በዓል የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ የተሸለመውን ‹ባልደርስ ጌት 3›ን እንውሰድ። የሠራው ላሪያን የተባለ ድርጅት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ጌንት በተባለችው የቤልጂግ ከተማ ይገኛል። ጨዋታው ከላይ የጠቀስነውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሕግ የሚከተል ስለ ሆነ፣ አንድ አስቸጋሪ ነገር ሲሞከር ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ በመስኮቱ ላይ ሲንከባለል ይታያል።

በኮምፒዩተር ተጫዋቾች ዘንድ የመጀመሪያው ክፍል ገና በዝግጅት ላይ ሳለ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፤ አዘጋጆቹም የተጫዋቾቹን አስተያየት እየሰሙ ሦስት ዓመት ያህል ሠሩበት። ሙሉው ጨዋታ ለኮምፒዩተር በኦገስት 2023፣ ለፕሌይስቴሽን 5 በሴፕቴምበር፣ ለኤክስቦክስ ደግሞ በዲሴምበር ወጣ።

ኤክስቦክሱ ለምን ዘገየ? ምክንያቱ ለዛሬው ነገራችን እጅግ ጠቃሚ ነው። ይህን ጨዋታ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የቴሌቪዥኑን መስኮት ለሁለት ከፍለው መጫወት ይችላሉ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የተባለው ርካሹ መሣሪያ ግን ማስታወሻው አነስተኛ ስለ ሆነ ይህን ሊሸከም አልቻለም። በመጨረሻም ላሪያንና ማይክሮሶፍት ተስማምተው ጨዋታው በዚያ መሣሪያ ላይ ያለ መስኮት ክፍያ ወጣ። የጎደለው የተሟላው በኤፕሪል 2025 በወጣው ስምንተኛው ማሻሻያ ነው። በዚያው ማሻሻያ ኮምፒዩተር ያለው ሰውና ኮንሶል ያለው ሰው በኢንተርኔት አብረው እንዲጫወቱ ተፈቀደ፤ እስከዚያ ድረስ የመሣሪያቸው ዓይነት የተለያየ ወዳጆች አብረው መጓዝ አይችሉም ነበር።

ከእህቱ ጋር ሊጫወት አስቦ በ2023 ሲሪስ ኤስን የገዛ ሰው፣ ጨዋታው ሙሉ፣ ሥዕሉም ያማረ ሆኖ ሳለ የተመኘው ነገር ግን ጎድሎት አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ጠበቀ። ‹ይህ ጨዋታ በዚህ መሣሪያ ይሠራል› መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ‹እኛ በምንፈልገው አኳኋን ይሠራልን?› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በእጅ አያያዝም ልዩነት አለ። በኮምፒዩተር ላይ ድግምቱና የጦር መሣሪያው ሁሉ በመስኮቱ ግርጌ ተደርድሮ ይታያል፤ ተጫዋቹም ገጸ ባሕርዩን የሚያንቀሳቅሰው መሬቱን በማውስ እየነካ ነው። በጆይስቲክ ሲሆን ገጸ ባሕርዩ በቀጥታ ይራመዳል፤ ትእዛዙም በክብ ሰሌዳ ላይ ይቀርባል። ብዙ ዕቃ ለመደርደርና ውጊያን ከላይ ሆኖ ለማስላት ማውሱ ይቀላል፤ ወደ ኋላ ተደግፎ ለመጓዝ ግን ጆይስቲኩ ይመቻል። ጆይስቲክን ከኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ እንደሚቻልም መዘንጋት አይገባም። እንግዲህ በዚህ በኩል ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው።

ስለ መሣሪያ ኀይልና ስለ መተማመኛ

የኮንሶል ወዳጆች ‹ኮንሶል ችግር የለበትም፤ ጨዋታውን አስገብቶ መጫወት ነው› ይላሉ። የኮምፒዩተር ወዳጆች ደግሞ ‹ኮምፒዩተር ኀይለኛ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ይበልጣል› ይላሉ። ሁለቱም ቃላቸውን በማስረጃ ሲመረምሩት ግማሽ ነው።

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በዲሴምበር 2020 ‹ሳይበርፓንክ 2077› የተባለውን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ብርቱ ኮምፒዩተር ያላቸው ሰዎች ከነጉድለቱም ቢሆን ሊጫወቱት ቻሉ። በ2013 በወጡት በፕሌይስቴሽን 4ና በኤክስቦክስ ዋን ላይ ግን በየጊዜው እየተቋረጠና እየደበዘዘ ገዢዎቹን አስቈጣ። ሶኒ በወጣ በሳምንቱ ከመደብሩ አንሥቶ ለገዙት ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ፤ ወደ መደብሩም የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በፌብሩዋሪ 2022 የወጣው ‹ኤልደን ሪንግ› በኮምፒዩተር ላይ እየተንገዳገደ ቢያስቸግር፣ አዘጋጆቹ በወጣበት ቀን ይቅርታ ጠይቀዋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ ያወጣ ሰው ከችግሩ አልዳነም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚታመነው የመሣሪያው ስም እንዳልሆነ ነው። አዲስ ጨዋታ ሲወጣ አንድ ወር ታግሦ፣ ጨዋታው በዚያው በራስ ዓይነት መሣሪያ ላይ እንዴት እንደ ሆነ ከተጫወቱት ሰዎች መስማት ከሁሉ ይሻላል። ትዕግሥት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ‹ፋይናል ፋንታሲ 16› በጁን 2023 ለፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ወጥቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2024 ግን ለኮምፒዩተርም ደረሰ። የማይጠብቅ ሰው ለአንድ ጨዋታ ሲል አንድ መሣሪያ ይገዛል።

የኮምፒዩተሩ ትልቁ ብልጫ ሌላ ነው። ቤቴስዳ በ2011 ያወጣው ‹ስካይሪም› እስከ ዛሬ ተጫዋች ያልጠፋበት አንደኛው ምክንያት፣ ሞድ የሚባሉት ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሯቸው ጭማሪዎች ናቸው። አዲስ መንደር፣ አዲስ ታሪክ፣ የተሻለ ሥዕል እየተጨመረበት ጨዋታው ከዓመት ዓመት ይታደሳል። ይህ ወደ ኮንሶል የተሻገረው በ2016 ሲሆን፣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሞድ ሠሪዎች ከጨዋታው ውጭ የመጣ አዲስ ሥዕልና ድምፅ እንዲጨምሩ አልተፈቀደም። ‹ባልደርስ ጌት 3›ም ከ2024 ጀምሮ በኮንሶል ሞድ ይቀበላል፤ ነገር ግን የተመረጠውንና የተፈቀደውን ብቻ ነው። አንድን ጨዋታ እየፈቱ መልሶ መገጣጠም የሚወድ ሰው ካለ ቦታው ኮምፒዩተር ነው።

ስለ ገንዘቡ

ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 ሲወጣ በአሜሪካ ዲስክ የሚቀበለው 499፣ ዲስክ የማይቀበለው 399 ዶላር ነበር። ቀድሞ ኮንሶል ሲያረጅ ዋጋው ይቀንስ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን በተቃራኒው ሆነና በኦገስት 2025 በአሜሪካ በእያንዳንዱ ላይ 50 ዶላር ተጨመረ። ስለዚህ ‹ይረክሳል› ብሎ መጠበቅ የድሮውን ያህል አይታመንም።

ለኮምፒዩተር አንድ ዋጋ መናገር አይቻልም። ‹ባልደርስ ጌት 3› ቢያንስ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ፣ ቢሻል 16 ጊጋባይት፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ፣ እንዲሁም 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፈጣን ኤስኤስዲ ይፈልጋል። ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የለውምና አይችለውም። ‹ኮምፒዩተር በቤት አለን› ብሎ ጨዋታውን ገዝቶ ማዘን እንዳይመጣ፣ አስቀድሞ በመደብሩ ገጽ የተጻፈውን ከራስ መሣሪያ ጋር ማስተያየት ይገባል። ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር መደብር የገዛ ሰው፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ የሚመጣም አለ። ይህ ጨዋታ ሲወጣ በአሜሪካ ለኮምፒዩተር 60 ዶላር ገደማ፣ ለኮንሶል 70 ዶላር ገደማ ነበር። በኮንሶል ከሩቅ ወዳጅ ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት የአባልነት ክፍያ ይጠየቃል፤ በኮምፒዩተር አይጠየቅም። በአንጻሩ ዲስክ የሚቀበል ኮንሶል ያለው ሰው ዲስኩን ለጎረቤት ማዋስ፣ ጨርሶም መሸጥ ይችላል። ከኢንተርኔት መደብር የተገዛ ጨዋታ ግን ከገዢው ስም ጋር የታሰረ ስለ ሆነ አይሸጥም።

በአገራችን ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሦስት ነገር እንጨምራለን። 150 ጊጋባይት በኢንተርኔት ማውረድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ዲስክ ቢኖርም ማሻሻያው የሚወርድ ነውና ሙሉ በሙሉ አያድንም። መብራት ሲጠፋ ኮንሶሉም ትልቁ ኮምፒዩተርም እኩል ይጠፋሉና ጉዞን ቶሎ ቶሎ መመዝገብ፣ መሣሪያውንም በስታቢላይዘር ማስኬድ ያስፈልጋል። የኮንሶሉ መደብርም ለሚኖሩበት አገር የተከፈተ መሆን አለመሆኑን ከመግዛት በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

በአንድ ቤት የሆነ ክርክር

በምናውቀው አንድ የአዲስ አበባ ቤት ወንድምና እህት በዚሁ ነገር ተከራክረው ነበር። ወንድሙ በባንክ ተቀጥሮ የሚሠራ 24 ዓመት የሆነው ወጣት ነው። እህቱ 18 ዓመት የሞላት፣ ፈተናዋን አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን የምትጠባበቅ ልጅ ነበረች። (ይህን ዕድሜ መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨዋታው በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነውና ለልጆች አይሆንም።) ወንድሙ ከደመወዙ ያጠራቀመው ገንዘብ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ይበቃ ነበር።

እርሱ የፈለገው ኮምፒዩተር ነው። «ኮንሶል ከጨዋታ ሌላ ምን ይሠራል? ኮምፒዩተሩ ግን ማታ የምማረውን የሂሳብ አያያዝ ይሠራልኛል፤ ነገም ሌላ ጥቅም ይሰጣል» አለ። ንግግሩ እውነት ነበር።

እህቱ ግን፣ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ የሚገባው አንተ ክፍል ነው፤ አንተ ክፍል ያለው ወንበር ደግሞ አንድ ነው» ብላ መለሰችለት።

መካከለኛ መንገድም ተመረመረ። ኮምፒዩተሩን በሳሎን አስቀምጦ፣ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ መጫወት ይቻላል። ነገር ግን ጨዋታውን የሚችል ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ሲጠየቅ ዋጋው ካጠራቀመው በለጠ። ቀሪውን ከጓደኛ ልበደር ቢል እናቱ ‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር› የሚለውን ተረት አስታወሱት።

እናቲቱ ስለ መሣሪያዎቹ ምንም አያውቁም፤ ጥያቄያቸው ግን ወደ ነገሩ መካከል የሚገባ ነበረ። «ልጄ፣ ትምህርትህን እስከ ዛሬ በምን ስትማር ኖርህ?» ብለው ጠየቁት። በአሮጌው ላፕቶፕ መሆኑን ነገራቸው። «እምቢ ብሎህ ያውቃል?» አሉት። አለማወቁን መለሰ። «እኅትህስ መቼ ነው የምትሄደው?» አሉት። ለዚህ ወዲያው አልመለሰም። ጥቂት ቈይቶ፣ «ሦስት ወር ቢቀራት ነው፣ እማዬ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲህ ገንዘቡ ያንተ ነው፤ የምትፈርደውም አንተ ነህ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ወንድሙ ያገለገለ፣ ዲስክ የሚቀበል ፕሌይስቴሽን 5 ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ገዛ። ዲስኩን ከውጭ አገር የመጡት አክስታቸው ይዘውላቸው መጡ። ከዚያም ማታ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ሁለቱ በሳሎን ይጓዙ ጀመር። አንዱ ለማስፈራራት ሲፈልግ ሌላዋ መለመን ይሻላል ትላለች፤ ዳይሱ ሲንከባለል እናታቸው ሳይቀሩ መርፌያቸውን አቁመው ያያሉ፤ የትናንቱ እስረኛ ምን ሆነ ብለውም ይጠይቃሉ።

ውሳኔው ያለ ወጪ አልሆነም። የሥራ ባልደረቦቹ ስለሚያወሯቸው ብዙዎቹ ሞዶች ወንድሙ መስማት እንጂ ማየት አልቻለም። በመጨረሻው ክፍል ያለችው ታላቋ ከተማም ለመሣሪያው ከብዳው እርምጃው አዝግሟል፤ በቴሌቪዥኑ ግማሽ ላይ የተጻፈውን ለማንበብም ወንበር መሳብ ግድ ነበር። እርሱም ይህን አይሸሽግም፤ ‹ብቻዬን የምጫወት ብሆን ኮምፒዩተሩን ታግሼ እገዛ ነበር› ይላል።

ምደባው ደርሶ እህቱ ወደ ክፍለ አገር ስትሄድ ጉዟቸው አላለቀም ነበር። ወንድሙ አሁን በዚያው መሣሪያ ለራሱ ሌላ ጉዞ ጀምሯል። የሁለቱ መዝገብ ግን በቆመበት ቆሟል፤ እርሷ ለዕረፍት እስክትመጣ ድረስ አይነካውም።

ከመግዛት በፊት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ‹እንግዲህ የትኛው ይሻላል?› ለሚሉን አንባቢዎቻችን፣ መሣሪያውን ከማየታቸው በፊት ቤታቸውን እንዲያዩ እንመክራለን። ጨዋታውን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ማንበብና ማስላት የሚወድ፣ ሞድም የሚያምረው ከሆነ፣ በዚያውም መሣሪያ የሚማር ወይም የሚሠራ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ገንዘቡን ይመልሳል። በተለይ ለትምህርት ኮምፒዩተር መግዛት ግድ ለሆነበት ቤት፣ ጥቂት ጨምሮ ደኅና ግራፊክስ ካርድ ያለውን መግዛት ሁለት ዕቃ ከመግዛት ይሻላል።

ነገር ግን ለትምህርትና ለሥራ የሚበቃ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ካለ፣ ተጫዋቾቹም ሁለት ከሆኑና በአንድ ክፍል መቀመጥ ከፈለጉ፣ ገንዘቡም የተቈረጠ ከሆነ፣ ኮንሶሉ ይመረጣል። ሲገዙትም የሚፈልጉት ጨዋታ በዚያው ዓይነት ኮንሶል ላይ ለሁለት መጫወት የሚፈቅድ መሆኑን ይጠይቁ፤ ብዙ የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ ናቸውና። አብሯቸው የሚጫወተው ወዳጅ በሌላ ከተማ ከሆነም፣ የእርሱ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ወላጆችም ከዋጋው በፊት መሣሪያው የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስኑ። በሳሎን የተቀመጠ ኮምፒዩተር የቤተሰብ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ ኮንሶልም የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ሻጩ ስለ ፍጥነቱና ስለ ሥዕሉ ጥራት ሁሉን ይነግራቸዋል፤ በመሣሪያው ፊት ስንት ወንበር እንደሚቀመጥ ግን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።